«ክፍል አለ ግን ለሴት ብቻ ነው»፦ አንዲት ማስታወቂያ እንዴት የመጠጥ ሽያጭ ሆነች?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት አጭር ማስታወቂያ ነው። «ክፍል አለ ግን ለሴት ብቻ ነው፣ ዋጋ 50 ዲናር» ትላለች። ምንም ክፉ ነገር የለባትም። እኔ የጻፍኩት ኮድ ግን የመጠጥ ሽያጭ ነው ብሎ ማስታወቂያዋን አጠፋ፤ የለጠፈችውን እህት አካውንትም ዘጋ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የምሠራው ስቶክሆልም ውስጥ ባለ አነስተኛ ድርጅት ነው። ሰዎች ዕቃ የሚሸጡበትና ክፍል የሚያከራዩበት አፕ አለን፤ ብዙዎቹ ተጠቃሚዎቻችን በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ሠራተኞች ናቸው። ኩዌት ውስጥ መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ማጣሪያ ሥራ ተባልኩ። ቀላሉን መንገድ ያዝኩ። የእንግሊዝኛ የመጠጥ ስሞችን ዘረዘርኩ፤ ቋንቋ መለያው «እንግሊዝኛ ነው» ያለው ማስታወቂያ ውስጥ ከዝርዝሩ ሁለቱ ከተገኙ ወዲያው ይታገድ አልኩ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ቴስቶቹ በሙሉ አረንጓዴ ሆኑ።

እህታችን ማስታወቂያዋን የጻፈችው እንደ ብዙዎቻችን በላቲን ፊደል ነው። እስቲ «አለ»ን በላቲን ጻፉት፦ ኤ፣ ኤል፣ ኢ። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ይህ «ኤይል» ነው፣ የቢራ ዓይነት። «ግን»ን ጻፉት፦ ጂ፣ አይ፣ ኤን። «ጂን» ሆነ፣ በጥድ ፍሬ የሚቀመመው ጠንካራ መጠጥ። ሁለት መጠጥ ጎን ለጎን። «ለሴት» የሚለውን ነጣጥላ ስለጻፈችው «ሴት» ለብቻዋ ቀረች፦ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ፤ በእንግሊዝኛ አብሮ የሚሸጥ የዕቃ ስብስብ። «ነው» ደግሞ ኤን፣ ኢ፣ ደብልዩ፣ ማለትም «አዲስ»። በዚያ ላይ ዋጋ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ አማርኛ ባላውቅ ኖሮ እኔም አንድ ሰው ጂን በካርቶን እየሸጠ ነው ብዬ አምን ነበር።

አማርኛ ግን አውቃለሁ። ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

ቅሬታ ጻፈች፤ እሱንም በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ። ሲስተሙ እንግሊዝኛ መስሎት ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ላከው፤ እዚያ ያለው ባልደረባዬ ምንም ስላልገባው ዘጋው። ደግማ ጻፈች፣ ተዘጋ። በሦስተኛው አንዲት ባልደረባዬ «ይሄ የእናንተ ቋንቋ ይሆን?» ብላ አሳየችኝ። ያኔውኑ ደወልኩላት።

«ወንድሜ፣ እኔ በሕይወቴ መጠጥ ሸጬ አላውቅም» አለችኝ፣ ገና ስሜን ሳልጨርስ። «ይሄ ነገር ፖሊስ ጋ ይደርሳል እንዴ?»

አካውንቷ ሲዘጋ የደረሳት የእንግሊዝኛ መልእክት «አልኮል ለመሸጥ በመሞከርዎ» የሚል ነበር። ጓደኛዋ ተርጉማላታለች። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው የሚያስበው ስለ አካውንቱ አይደለም፤ ሻንጣውን ነው የሚያስበው። ደባሏ ወደ አገር ቤት ስለተመለሰች የዚያን ወር ኪራይ ሙሉውን ብቻዋን ከፍላለች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አካውንቷን ከፈትኩላት። ከዚያ ተመልሼ ኮዴ ፊት ተቀመጥኩ።

አንድ ቅርጽ፣ ስንት ትርጉም

መጀመሪያ ያደረግኩት በ«አለ» ላይ መመራመር ነበር። እነዚያ ሦስት የላቲን ፊደላት በእንግሊዝኛ ቢራ ናቸው አልን። ሄልሲንኪ ብትሄዱ ሱቆች መስተዋት ላይ በትልቁ ተለጥፈው ታያላችሁ፤ በፊንላንድኛ የዋጋ ቅናሽ ሽያጭ ማለት ነው። በፖላንድኛና በቼክኛ ደግሞ «ግን» ማለት ነው። እንግዲህ ፖላንዳዊ «ግን» ብሎ ሲጽፍ እንግሊዙ ቢራ ያነባል፤ እኛ «ግን» ብለን ስንጽፍ ጂን ያነባል። ጃፓንኛ ዘንድ ስንሄድ ያው ጂ፣ አይ፣ ኤን «ጊን» ተብሎ ይነበባል፣ ትርጉሙም ብር ነው፣ ማዕድኑ። የቶክዮው ጊንዛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ድሮ የብር ሳንቲም ይሠራበት ስለነበር ነው።

የእኛው «አለ» ራሱ አንድ ብቻ አይደለም። «ለ» ሲጠብቅ መኖርን ይናገራል፣ ሲላላ ደግሞ «ብሎ ተናገረ» ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው ከአውዱ ይለየዋል።

ፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ጓደኛዬ የባለቤቱን ቁጥር ስልኩ ላይ «ሚስት» ብሎ በላቲን መዝግቦታል፦ ኤም፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጠራ አጠገቡ የተቀመጠው ጀርመናዊ ስክሪኑን አይቶ በሳቅ ፈረሰ። በጀርመንኛ ያ ቃል ፍግ ነው፤ ሰው ሲናደድም «አይ ቆሻሻ!» ለማለት ይጠቀምበታል። በእንግሊዝኛ ቢሆን ጉም ነበር፣ እሱ ይሻላል። «ባል» ደግሞ በላቲን ሲጻፍ በቱርክኛ ማር ነው። ሚስት ፍግ፣ ባል ማር። ፍትሕ የጎደለው አጋጣሚ ነው፤ ለባለቤቴ ስነግራት አላሳቃትም።

እኔ ያለሁበት ስዊድን ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የምሰማው ቃል «ብራ» ነው። እነሱ «ጥሩ» ማለታቸው ነው። እኔ ግን እስካሁን ቃሉን ስሰማ መጀመሪያ የሚታየኝ ዝናብ አባርቶ የጠራ ሰማይ ነው። «ምን» የሚለውን ቃላችንን ደግሞ አንዳንዶቻችን በኢ፣ አንዳንዶቻችን በአይ እንጽፈዋለን፤ በመጀመሪያው አጻጻፍ ለስዊድናዊ «ግን» ይሆናል፣ በሁለተኛው «የኔ»። ጥያቄ ብለን የላክነው ነገር ሌላ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይሆናል? እንቆቅልሽ የለውም፤ ሒሳብ ነው። በግርድፉ እንገምት። አንድ ቋንቋ 20 ተነባቢና 5 አናባቢ አለው እንበል። ተነባቢ፣ አናባቢ፣ ተነባቢ ብለን የምንገጣጥመው ባለ ሦስት ፊደል ቅርጽ 20 ሲባዛ በ5 ሲባዛ በ20፣ ማለትም 2,000 ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ከእነዚህ ቅርጾች እያንዳንዳቸው 400 ቢጠቀሙ፣ በዕድል ብቻ የሚጋሩት 400 ሲባዛ በ400 ሲካፈል ለ2,000 ነው፤ 80 ቃል። ምንም ዝምድና ሳይኖር! ቅርጹን ወደ ስድስት ፊደል ብናሳድገው ግን ሊገጣጠም የሚችለው 1,000,000 ይደርሳል፤ የሚጋሩት ደግሞ ወደ 0.16 ይወርዳል፣ ማለትም ምናልባት አንድም አይኖርም። «የሚያስፈልገውን» የሚለውን ቃል በላቲን ጻፉትና በየትኛው ሌላ ቋንቋ እንደምታገኙት እስቲ ሞክሩ።

ችግሩ፣ ዓረፍተ ነገር የሚያቆሙት ቃላት አጫጭሮቹ ናቸው። አለ፣ ነው፣ ግን፣ ላይ፣ ሰው፣ ቤት፣ ማን። በየመልእክቱ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው፤ የሚጋጩትም እነሱ ናቸው። «ቤት አለ» ብሎ የጻፈ ሰው እንግሊዝኛ ብቻ በሚያውቅ ማሽን ዓይን ቁማርና ቢራ ነው ያስተዋወቀው።

አንዳንዴ ዕድል ከዚህም አልፎ ቅርጹንም ትርጉሙንም አንድ ያደርገዋል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ይነገር የነበረው ምባባራም የተባለ ቋንቋ ውሻን «ዶግ» ይለዋል፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የቋንቋ ተመራማሪው ዲክሰን በ1960ዎቹ ቃሉን ሲሰማ ከእንግሊዝ የተወሰደ ሳይመስለው አልቀረም፤ በኋላ ግን በአካባቢው ቋንቋዎች «ጉዳጋ» ከሚለው ቃል በድምፅ ለውጥ የመጣ መሆኑ ታወቀ። በፋርስኛም «ባድ» እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ መጥፎ ማለት ነው፣ እሱም አጋጣሚ። ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ካስፈለገ ጃፓኖች በወዳጅነት ወይም በንቀት «አንተ» ሲሉ «አንታ» ይላሉ። ስዋሂሊ «እና» ለማለት «ና» ይላል። ይህን ሰምቶ ጃፓኖች ከአክሱም ሄዱ የሚል ቪዲዮ የሚሠራ ሰው አይጠፋም፤ ከላይ ያለውን ሒሳብ ላኩለት።

ዝምድና ያለው መመሳሰል ሌላ ነው። የእኛ «ቤት» ከዓረብኛውና ከዕብራይስጡ «ባይት» ጋር የሚመሳሰለው ቋንቋዎቹ ከአንድ ግንድ ስለወጡ ነው። «ሎሚ» እና የእንግሊዝኛው «ሌመን» ደግሞ በውሰት ይገናኛሉ፤ ቃሉ ከፋርስኛና ከዓረብኛ ተነሥቶ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ተጉዟል። ማሽኑ ግን አጋጣሚን፣ ውሰትንና ዝምድናን አይለይም። እሱ የሚያየው ፊደል ብቻ ነው።

ማሽኑ ቋንቋን እንዴት ይገምታል?

ቋንቋ መለያ ሶፍትዌር ባብዛኛው መዝገበ ቃላት አይጠቀምም። በ1994 ካቭናር እና ትሬንክል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳወቁት ዘዴ እስካሁን የብዙዎቹ መሠረት ነው። ጽሑፉን ወደ ጥቃቅን የፊደል ቁርጥራጮች ይቆራርጣል፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ። ከዚያ የትኞቹ ቁርጥራጮች በየትኛው ቋንቋ እንደሚበዙ ይመለከታል። እነዚህን ቁርጥራጮች ኤን-ግራም እንላቸዋለን። ለረጅም ጽሑፍ ግሩም ነው። ለሰባት አጫጭር ቃላት ግን የሚቆጥረው በቂ ነገር አያገኝም፤ ከዚያ ውስጥ አራቱ ጥርት ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ከሆኑ ደግሞ ነገሩ አለቀ።

ሌላው ጉዳይ፣ ማሽኑ ያልተማረውን ቋንቋ ሊመርጥ አይችልም። የጉግል ሲኤልዲ3 በላቲን ፊደል የተጻፈ ሩሲያኛን፣ ግሪክኛን፣ ቡልጋርኛን፣ ሂንዲን፣ ጃፓንኛንና ቻይንኛን ለየብቻ ያውቃል። አማርኛን ግን በግዕዝ ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ሲመጣለት «አላውቀውም» የሚል ጥሩ ባህል ስለሌለው ከሚያውቃቸው አንዱን ይሰጠዋል።

«እንግዲያው በራሳችን ፊደል እንጻፍ» የሚል አንባቢ ይኖራል። እስማማለሁ፣ ግን በዚያ አያበቃም። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው ስሪት ነው፤ የገባውም ፊደሉ እንጂ አማርኛ አይደለም። ያው ፊደል የትግርኛ ነው፣ የግዕዝ ነው፣ የትግረ ነው፣ የብሊን ነው። ብዙ ሶፍትዌር ግን ፊደሉን ያየ ጊዜ «አማርኛ» ብሎ ያልፋል። ፋስትቴክስት የተባለው ታዋቂ መሣሪያ 176 ቋንቋ የሚለየው ሞዴሉ አማርኛ አለው፣ ትግርኛ ግን የለውም። ትግርኛ ስትሰጡት አማርኛ ቢላችሁ አይግረማችሁ። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፤ ትግርኛና ኦሮምኛን በ2022። በመካከሉ ባሉት ስድስት ዓመታት ትግርኛ ጽፎ ትርጉም የጠየቀ ሰው በአማርኛ ነበር የሚነበበው።

እና ምን ይሆናል? በትግርኛ «ሎሚ» ዛሬ ነው። «ገዛ» ቤት ነው፤ ለእኛ ግን ዕቃ የገዛ ወይም አገር የገዛ ሰው ነው። «ዛሬ ቤት ነኝ» የሚል መልእክት ሎሚ ወደ መግዛት ሊዞር ይችላል። እነዚህ ዘመድ ቋንቋዎች ናቸው፤ ቃላቱ ግን አይዛመዱም፣ ቅርጻቸው ብቻ ነው የተገናኘው። ግዕዝንም ብትጨምሩበት ደስ የሚል ጉድ ታገኛላችሁ፦ «ከልብ» በግዕዝ ውሻ ማለት ነው። አነባበቡ ይለያል፣ አጻጻፉ ግን ያው ነው። «ከልብ አመሰግናለሁ» የሚለውን ለግዕዝ ብቻ ለተማረ ማሽን ብንሰጠው ምስጋናው ወደ ማን እንደሚሄድ ገምቱት።

ጉዳቱ ከቀልድ ያልፋል። የዛሬ ሞዴሎች የሚማሩት ከድር ላይ በራስ ሰር ከተለቀመ ጽሑፍ ነው፤ ለቃሚው ደግሞ ቋንቋ መለያው ነው። መለያው ሲሳሳት የአንዱ ቋንቋ ጽሑፍ በሌላው ቋት ይገባል። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ከድር የተለቀሙ 205 የጽሑፍ ስብስቦችን መርምሮ ቢያንስ 15ቱ ምንም የሚረባ ዓረፍተ ነገር እንደሌላቸው አግኝቷል። የተጎዱት በአብዛኛው ትንሽ ጽሑፍ ያላቸው ቋንቋዎች ናቸው።

ኮዱን እንዴት ቀየርኩት

የመጀመሪያው ለውጥ ቀላል ነበር፣ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ። ማጣሪያው ቋንቋው በበቂ እርግጠኝነት ሳይታወቅ የቃል ዝርዝር አያይም። እርግጠኝነቱ ዝቅ ካለ ወደ ሰው ይሄዳል፤ አካውንት የመዝጋት ሥልጣንም ከማሽኑ ወስጃለሁ። ኃላፊዬ «ሥራ ይበዛል» አለኝ። በዛም፣ ትንሽ።

ሁለተኛው በላቲን የተጻፈ አማርኛን የሚያውቅ ትንሽ ሞዴል መሥራት ነበር። የተዘጋጀ ዳታ ስላልነበረኝ የአማርኛ ዊኪፔዲያን ጽሑፍ ወስጄ በኮድ ወደ ላቲን ገለበጥኩት። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው፣ ሁላችንም የምንጽፈው በየራሳችን ነውና። «ቀ»ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፋል፤ «ጠ» እና «ተ» በአንድ ቲ ይወድቃሉ፤ «እ» አንዳንዴ ኢ፣ አንዳንዴ አይ፣ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ኮዱ እያንዳንዱን ቃል በዘፈቀደ በተለያየ አጻጻፍ እንዲያወጣ አደረግኩት፣ ልክ እንደ ቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ። የዊኪፔዲያ አማርኛ ግን «ክፍል አለ» ብሎ አይጽፍም፤ ስለ ነገሥታትና ስለ ከተሞች ነው የሚያወራው። ዓይነተኛ የንግግር አማርኛ የሰጡኝ ጓደኞቼ ናቸው፣ ስምና ስልክ ቁጥር እየሰረዙ።

የስልኩን ቋንቋ እንደ ማስረጃ መጠቀምም ሞክሬ ነበር፤ ብዙም አልረባም። የእህታችን ስልክ በዓረብኛ ነበር የተስተካከለው። የተሻለው ማስረጃ ሰውየው ከዚህ በፊት የጻፋቸው መልእክቶች ናቸው። ትናንት በአማርኛ የጻፈ ሰው ዛሬም በአማርኛ መጻፉ አይቀርም።

ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኤችቲኤምኤል ውስጥ «ላንግ» የሚባለውን መለያ ባዶ አትተዉት፣ ከሌላ ፕሮጀክት የተቀዳውን «እንግሊዝኛ»ም እንዳለ አትተዉት። አማርኛ ኤ-ኤም ነው፣ ትግርኛ ቲ-አይ ነው። በላቲን ለተጻፈ አማርኛም ደንቡ ቦታ ሰጥቶታል፤ የአማርኛው ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ የላቲን ፊደል ኮድ። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ሶፍትዌር በየትኛው ድምፅ እንደሚያነብ የሚወስነው ከዚህ መለያ ነው። እናንተ የምታውቁትን ነገር ማሽኑ እንዲገምት ማድረግ ለምን?

የቴስት ፋይሌ የመጀመሪያ መስመር አሁንም ያቺ ማስታወቂያ ናት፤ ባለቤቷን አስፈቅጄ ነው ያስገባኋት። እሷ ደባል አግኝታለች፤ ኮዱን በነካን ቁጥር ግን ማስታወቂያዋ ከነዋጋዋ ትሮጣለች። ከሥሯ «ቤት አለ»፣ «ሚስት»፣ «ሎሚ ገዛ» እና ሌሎቹ ይከተላሉ። ባለፈው ወር የሞዴሉን ስሪት ስንቀይር ያቺ መስመር እንደገና ቀይ ሆነች። አዲሱ ሞዴል መጠጥ አላላትም፤ ኢንዶኔዥያኛ ነው አለ። እርግጠኝነቱ ዝቅተኛ ስለነበር ወደ ሰው ተላከች። ለጊዜው ያ ሰው እኔ ነኝ።